እጥፋቱ ያረፈበት ክብ

ሎስ አንጀለስ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሀይለገብርኤል፣

እርስዎና እማዬ ክረምቱን በጤና እንድትሻገሩት እየለመንኩ ይህን እጽፋለሁ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ከእማዬ ጋር ብቻ እያወራሁ እርስዎን በሰላምታ ማለፌ ቅር ሲለኝ ቆየ። ከእንግዲህ እጽፍልዎታለሁ። አማርኛዬ ከተበላሸ እንደ ድሮው በቀይ ያርሙልኝ።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ እዚያው አብሮኝ የሚሠራው እንዳሻው በአንድ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል ቦታ አገኘና ሁለታችንም ተቀጠርን። ቦታው ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ባለ ካውንቲ፣ እንደ እኛ አውራጃ ያለ ነው፤ ስሙን ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ከምኖርበት ከሚድ ሲቲ አንድ ሰዓት ተኩል ድራይቭ አደርጋለሁ።

የምንሠራው እንዲህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እዚህ ምርጫ አለ። ሰዉ ወረቀት ላይ ከተወዳዳሪው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ በቀለም ይሞላል፤ ወረቀቱን የሚያነበውና የሚቆጥረው ግን ማሽን ነው። እኛ ማሽኖቹን ከምርጫው በፊት እንፈትናለን። አስቀድሞ የተሞላ፣ ድምሩ የታወቀ የወረቀት ክምር አለ። እሱን ለማሽኑ እናጎርሰዋለን። የታወቀውን ድምር ካወጣ አለፈ ማለት ነው። ያለፈው ቁጥር ባለው ማሰሪያ ይታሸጋል፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። ስልካችንን በር ላይ እናስረክባለን።

ለእማዬ ስነግራት «አጎትሽን ወጣሽ» አለችኝ። ጋሼ፣ እኔም አስቤው ነበር። ልጅ ሳለሁ በነበረው ምርጫ የጣቢያው ጸሐፊ ሆነው፣ የተበላሸውን ውጤት ይፈርሙ ሲሉዎት እስክሪብቶውን አስቀምጠው በጭቃው ሦስት ሰዓት በእግር የመጡበትን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ በፈረምኩ ቁጥር እርስዎ ትከሻዬ ላይ ሆነው የሚያዩኝ ይመስለኛል።

እማዬ ወደ እኔ የምትመጣበት የቪዛ ቀጠሮ ሲወጣ ወዲያው ያሳውቁኝ። ከአሠሪዬ የሥራ ደብዳቤ መያያዝ አለበት። ሱፐርቫይዘራችን ማሪሶል እጽፍልሻለሁ ብላኛለች።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ዓይናለም

—

አሰላ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዓይናለም፣

አዲሱ ዓመት ያንቺን ድካም ያቅልልሽ፣ የእናትሽን ዓይን ያብራ፣ የእኔን ጆሮ ደግሞ እንደፈቀደው ያድርገው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰባት ስሕተት አግኝቼበት ሦስቱን ይቅር ብያለሁ።

ሥራሽን ስትገልጪው ደስ አለኝ። ማሽን ሰውን ይፈትናል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰው ማሽንን ሲፈትን ስሰማ ያንቺ የመጀመሪያው ነው። ለእናትሽ ለለተማርያም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ እኔ የጻፍሽውን ግን ዘለልኩት። ያ ነገር አርጅቷል። እባክሽ በየደብዳቤው አታንሺው።

ቀጠሮው ወጥቷል፤ ኅዳር 17 ነው። የሥራ ደብዳቤሽ ከዚያ በፊት ይድረስ። ሌላው፣ የለተ የዓይን ጠብታ ካለቀ ሰንብቷል። አዲስ አበባ አስፈልጌ አጣሁት። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪላት። ቀን ቀን ደኅና ናት። ባለፈው ሳምንት ደጃፍ ላይ ትንሽ ተደናቅፋ ነበር፤ ምንም አልሆነችም።

እግዚአብሔር በመውጣትሽም በመግባትሽም ከአንቺ አይለይ።

አጎትሽ
ሀይለገብርኤል

—

ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎት ወንድምአገኝ ይባላል። እዚህ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር የሚኖር የታክሲ ሹፌር ነው፤ አሰላ ያሉ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። የእማዬን ጠብታ ይዞላታል። መስከረም 30 ስለሚመለስ መልስዎን በእሱ እጅ ይላኩልኝ። በፖስታ ከሆነ አይደርስልኝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ገጠመኝ።

እዚህ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ቤቱ ሆኖ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ በፖስታ ይላክለታል፤ ሞልቶ መልሶ አጥፎ ይልከዋል። እኛ የምንፈትንበት ክምር ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ልሙጥ ነው፤ እጥፋት አያውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ለመለማመጃ የተሰጡንን ወረቀቶች ይዤ ሳለሁ፣ ከመራጩ ሲመጡ የሚመስሉት እንዲህ አይደለም ብዬ አሰብኩ። እንዳሻው አጠገቤ ነበር። መቶውን ወረቀት ለአንዲት ተወዳዳሪ ሞላንና እንደ ፖስታው አጠፍናቸው። ዘረጋናቸው። ማሽኑን አጎረስነው።

ዘጠና ሦስት አለ።

ሰባቱን «ሁለት ሰው መርጠዋል» ብሎ ሰርዟቸዋል። አወጣኋቸውና አንድ በአንድ አየኋቸው። የአንዲት ከተማ ወረቀት ላይ፣ የአካባቢውን ውሃ ለሚያስተዳድረው የውሃ ቦርድ በሚወዳደሩት ሁለት ሰዎች ቦታ፣ እጥፋቱ የሚያርፈው በሁለተኛው ተወዳዳሪ ክብ ላይ ነው። ማሽኑ የእጥፋቱን ጥላ ቀለም አድርጎ ያነበዋል። መጀመሪያዋን የመረጠ ሰው ሁለቱንም የመረጠ ይመስልና ድምፁ ይጣላል። ሁለተኛውን የመረጠ ምንም አይነካውም። ማሽኑ የሚያነብበትን መስታወት ወለወልኩት። አራት ሆነ። በማግስቱ አቧራ ሲይዝ እንደገና ሰባት።

ለማሪሶል አሳየኋት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከጓሯዋ አቮካዶ እያመጣች ታድለናለች። ወረቀቶቹን ረጅም ሰዓት አገላበጠች።

«የፈተናው ክምር አልፏል?» አለችኝ።

«አልፏል። ክምሩ ግን አልታጠፈም።»

«መመሪያው እጠፉት አይልም፣ ዓይናለም።»

«ሁለት ምልክት ያየበትን ወረቀት ወደ ጎን እንዲያወጣው ማድረግ ይቻላል እኮ። ሰው በዓይኑ ይየው።»

«ይቻላል። ቆጠራውን በሦስት ቀን ያዘገየዋል። ከላይ አይፈቅዱልኝም» አለችና ወረቀቶቹን ሰብስባ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባቻቸው።

ጥቅምት 6 የመጨረሻው መዝገብ ይፈረማል። «ማሽኖቹ በትክክል እንደሚቆጥሩ አረጋግጠናል» ይላል። ከፈራሚዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ካልፈረምኩ ሥራው ይቀራል፤ የእማዬም ደብዳቤ ይቀራል። ይህን ለእማዬ በስልክ አልነገርኳትም፤ እርስዎም አያንብቡላት።

እንዳላነሳው እንደነገሩኝ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን ምን ብለው ነው እምቢ ያሉት? ቃሉን ነው የምፈልገው። ተቆጥተው ነበር ወይስ በእርጋታ? ድምፅዎ ተንቀጥቅጦ ነበር? እኔ የምለውን መኪና ውስጥ ሆኜ ከአሁኑ እለማመደዋለሁ።

መልስዎን እየጠበቅሁ፣
ዓይናለም

—

አሰላ፣ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይናለም፣

ሰላምታችን ይድረስሽ። መልእክተኛሽ ጨዋ ልጅ ነው፤ እደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ እጽፋለሁ። ጠብታው ደርሷል። ለተ መርቃሻለች። ሰሞኑን ብዙ አትወጣም፤ ብርዱ ነው። የሥራ ደብዳቤሽን አትርሺ፤ ኅዳር 17 ቅርብ ነው። ስለ ሌላው በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

አጎትሽ
ሀይለገብርኤል

—

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድምአገኝ ደብዳቤዎን የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። አገላብጬ ጀርባውንም አየሁ። ለጠየቅሁዎት መልስ የለውም።

መጀመሪያ ከፋኝ። ወደ ቤት በፒኮ መንገድ ስሄድ ግን የገባኝ መሰለኝ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው እንዲህ በይ፣ እንዲያ በይ አይልም። ዝም ማለትዎ «ታውቂዋለሽ» ማለት ነው አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጥቅምት 6 ስድስት ሆነን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ የእነዚያን ማሽኖች ቁጥር አነበብኩ። «ይህን ልፈርም አልችልም» አልኩ። ሌላ የተዘጋጀሁት ነበር፤ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው። ድምፄ ተንቀጥቅጧል።

ማሪሶል አልተቆጣችም። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ኦኬ» አለች። «እንዳሻው፣ አንተ ትፈርማለህ?»

እንዳሻው እኔን አየኝ። በአማርኛ «ዓይናለም፣ ሦስት ልጅ አለኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ከፊቴ እስክሪብቶውን አነሳ። አብረን አጥፈናቸዋል እኮ ጋሼ፤ ሰባቱን ወረቀት በእጁ ቆጥሯል። ፈረመ። ማሽኖቹን አሸግናቸው፤ እኔም ማሰሪያውን ይዤ አግዣለሁ፣ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ድርጅቱ ደወለ። ነገ አትምጪ አሉኝ። ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለምርጫ ቢሮው ላክሁ። እንደ ዜጋ ስላደረግሽው ተሳትፎ እናመሰግናለን የሚል መልስ በማግስቱ መጣ።

ስለ እማዬ ደብዳቤ ፓርኪንጉን ጠይቄአለሁ፤ ቦታዬ ተይዟል። ሌላ እየፈለግሁ ነው። እስከ ኅዳር 17 አንድ ነገር አገኛለሁ። እርስዎን እንዳላሳፈርኩ ብቻ ይንገሩኝ። እሱ ይበቃኛል።

ዓይናለም

—

አሰላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በፖስታ ኅዳር 4 ቀን ሎስ አንጀለስ የደረሰ)

ይድረስ ለልጄ ለዓይናለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በወንድምአገኝ እጅ መላክ የነበረብኝ ይህ ነው። ሦስት ቀን ጽፌ ሦስት ቀን ቀደድኩት። ልጁ በር ላይ ሲቆም ያችን ብጣሽ ሰጠሁት። ከመፈረምሽ በፊት እንደማይደርስሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዲደርስ እየለመንኩ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ልጄ፣ እኔ ፈርሜያለሁ።

የጣቢያው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ታዛቢ ሆኖ የተመረጠው ከእኔ ጋር የሚያስተምረው የሂሳቡ መምህር ብርሃኑ ነበር። ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱን ቆጠርን፤ ደኅና ነበሩ። ሦስተኛው ከሌላ ክፍል መጣ። ማኅተሙ ተልጦ በሙጫ ተመልሷል። ብርሃኑ በጣቱ ነካው፤ ሙጫው አልደረቀም። ጣቱን አሳየኝ። ሁለታችንም አየን።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ብርሃኑ ነው። ምን እንዳለ ጠይቀሽኛል። «ይህን ልፈርም አልችልም» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። ባለ ሦስት ቅጂ ነው። በሦስቱም ላይ ፈረምኩ፤ ለሦስተኛው እንኳ አልተጣደፍኩም።

በጭቃው አብረን ተመለስን። ሦስት ሰዓት ሙሉ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኔ ቤት ስደርስ እናትሽ በር ላይ ቆማ ነበር። «ፈረምክ?» አለችኝ። ፊቷን ሳየው «አልፈረምኩም» አልኩ። ለአንድ ሌሊት ብዬ ነበር። እሷ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለደብሩ። አንቺን በታሪኩ አሳደገችሽ።

ብርሃኑ ከማስተማር ተነሳ። ገበያው አጠገብ ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆቡን አንሥቶ እጅ ይነሳኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድም ቀን አላቋረጠም። ከአራት ዓመት በፊት ዐረፈ።

ስለዚህ ቃሉን ከእኔ አትጠብቂ፤ የእኔ አይደለም። ምክሬን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ፈርሚ። ፈርሚና የእናትሽን ወረቀት ጨርሺ። ለተ ጠብታው ሳይደርስ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። የሁለተኛውም ነገር ያሰጋል። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ መሐላውን አፈረስኩ። በእኔ ውሸት ላይ ቆመሽ እንጀራሽን አትጪ።

ይቅርታ ልበልሽ አልበልሽ አላውቅም።

ሀይለገብርኤል

—

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ሀይለገብርኤል፣

ለእርስዎም ለእማዬም እረፍት ይስጣችሁ። የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አንድ ወር ሊሞላው ነው። መልስ ሳልጽፍ የቆየሁት ቂም ይዤ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

የምርጫውን ላስቀድም። የውሃ ቦርዱን ወንበር ሁለተኛው ተወዳዳሪ በአሥራ አራት ድምፅ አሸነፈ። የተሸነፈችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የዚያችን ከተማ ዝርዝር አወጣሁት። ሁለት ሰው መርጠዋል ተብሎ የተጣለ ድምፅ ስልሳ አንድ ይላል። ባለፈው ምርጫ ሦስት ነበር።

ከምርጫው በኋላ ጥቂት ሰፈሮች በዕጣ እየወጡ በእጅ ይቆጠራሉ፤ ማሽኑ ልክ መሆኑ የሚታየው በዚያ ነው። ለዚያ ወንበር ከመረጡት ከተሞች መካከል ዕጣ የወጣው ለሌላ ከተማ ነው። የዚያ ከተማ ወረቀት እጥፋት ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ቆጠሩት፤ ልክ ሆነ። በዚያ ተዘጋ።

ውጤቱ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ሄድኩ። ማንም ሰው ሁለት ደቂቃ መናገር ይችላል። ስልሳ አንድ የሚለውን አሳየኋቸው፤ ስለ እጥፋቱ ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ማስታወሻ ጻፈ፣ አመሰገነኝ፣ የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራ። አውቶቡስ ነጂዋ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ውጭ አገኘኋትና ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ እንደምትችል ነገርኳት። «የእኔ ልጅ፣ ባሌ ሆስፒታል ነው» አለችኝ። «ከዚህ በላይ አልችልም። ብቻ ማንም አልነገረኝም ነበር።» እጄን ጨብጣ ሄደች።

እማዬ ኅዳር 17 ያለ ሥራ ደብዳቤ ገብታ ቪዛ ተከልክላ መውጣቷን ያውቃሉ፤ ያደረሷት እርስዎ ነዎት። ፓርኪንጉ ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሰጠኝ፤ በዚያ የሚጻፍ ደብዳቤ እንደማይበቃ ነግረውኛል። ትናንት ስደውልላት ሌላ ቀጠሮ እንዳልጠይቅ ለመነችኝ። «አሁን ብመጣም አላይሽም እኮ» አለች። ሁለተኛው ዓይኗም መሄዱን እንዲህ ነው የሰማሁት። ከዚያ ስለ እርስዎ አወራችልኝ። «እንደ አጎትሽ ሆንሽ፣ ኮራሁ» አለች። ምንም አልነገርኳትም። እርስዎም እንዳይነግሯት። የቀራትን አንውሰድባት።

በደብዳቤዎ ፈርሚ ብለውኝ ነበር። ቢደርስልኝ እፈርም ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። እፈርም ነበር መሰለኝ። እማዬ ቪዛውን ታገኝ ነበር። አውቶቡስ ነጂዋ ግን ያው በአሥራ አራት ድምፅ ትሸነፍ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ የጻፍኩት ቅዳሜ በገጠመኝ ነገር ነው። ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ኋላዬ ካለው ጠረጴዛ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። እንዳሻው ነው፤ ከአራት አምስት ሰው ጋር። ስለ ማሽኖቹ ያወራላቸዋል። ስለ እጥፋቱ፣ ስለ ሰባቱ ወረቀት፤ አንዱንም አላሳሳተም።

«እና መዝገቡ ሲመጣ» አለ፣ «እኔና አንዲት እህታችን አንፈርምም አልን። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩላቸው።»

አንዱ «ጀግና ነህ» አለው። ሌላው የምሳውን እኔ እከፍላለሁ አለ።

ዞር ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አልደነገጠም፣ ጋሼ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአክብሮት ሰላም አለኝ፤ «ይቺው መጣች» ብሎ አስተዋወቀኝም። ሰዎቹ ተነሥተው ጨበጡኝ። «እውነት ነው?» አለችኝ አንዷ፣ ፈገግ ብላ።

ሦስት ልጅ አለው። ልጆቹም አንድ ቀን ይሰሙታል። አዎ አልኳት።

አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህኛውን በፖስታም ቢሆን ይመልሱልኝ። ብርሃኑ ታሪኩ በእርስዎ ስም ሲወራ አጠገብ ሆኖ ሰምቶ ያውቃል? ከሰማ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እንዴት እንዳደረ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሚስቱም ትሁን ልጁ፣ ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ዓይናለም